የተርኪ ቤከኑን የሸፈንኩ ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ከአሁኑ ቤቱ ጠቦኛል። ጎህ ሳይቀድ ዓይኔ ይገለጣል። ተነስቼ፣ ለብሼ፣ ጫማዬን አጥልቄ በሩ ጋ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኛል። መጋረጃ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የልጄን ድስቶች ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው አዛውራለሁ፤ እሷም ከሥራ ስትመለስ ፈልጋ ታጣቸዋለች። "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ቁጭ በይ" ትለኛለች። መቀመጥ ብችልማ ኖሮ የሥራ ታሪኬ እንዲህ ባልተንዛዛ።

ባለፈው ቅዳሜ ይቺው ልጄ ዛሬ ቁርስ እኔ ነኝ የምሠራልሽ ብላ ከፍሪጅ አንድ ጠፍጣፋ ፓኬት አወጣች። ፋብሪካ ያበሰለው የተርኪ ቤከን ነው፤ ያ በስሱ የተቆረጠው፣ ጨው የበላው ሥጋ። አሁን አሁን በሽ ነው፤ ከሥራ በወጣሁበት በሎንግ ቢቹ ሆስፒታል ኪችን እንኳ በመጨረሻው ዓመት ቤከን የሚመጣው በስሎ በካርቶን ነበር፤ የእኛ ሥራ ካርቶን መቅደድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ልጄ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከታ አሞቀችው፣ ሰሃን ላይ አደረገችው፣ ስልኳ ሲጠራ በሌላ ሰሃን ከደነችውና ወጣች። እኔ ክዳኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። ተመልሳ ምን ሆነሻል ስትለኝ ምንም አልኳት። ዋሽቻታለሁ። ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ትልቅ ሰው ከሥራ ቦታቸው የወረዱት እንዲህ ባለ ክዳን ሰበብ ነው። የከደንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሎስ አንጀለስ የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በሱዳን በኩል ነው። ስለ ወረቀቱ ጣጣ ብዙ አልልም፤ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት መስጠት ነበር። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነፍሴን ሊያወጣት ደረሰ፤ አራት ወር ሠርቼ ተውኩት። ቀጥሎ ኢንግልዉድ ውስጥ አንዲት አሮጊት መጠበቅ ያዝኩ። እሷ ትተኛለች፣ እኔ እሷን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። ሦስት ወር። ከዚያ አንድ የአገሬ ልጅ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የቁርስ ኪችን ሰው ይፈልጋሉ አለኝ። ሄድኩ። እዚያ ማንም አይቀመጥም። ይሄ ነው የእኔ ቦታ አልኩ።

የቁርሱን ምድጃ የያዙት ጋሼ ንጋቱ ይባላሉ። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። አገር ቤት በድሬዳዋው ባቡር ላይ ለተሳፋሪ ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። ባቡሩ ሲንገጫገጭና መብራቱ እየበራ ሲጠፋ ዓይን ስለማይታመን በጆሮ ማብሰል ለመድኩ ይሉ ነበር። እኔ መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጨዋታ አልነበረም።

የሆቴሉ ቤከን የአሳማ ነው። ጋሼ ንጋቱ የአሳማ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ያን ሁሉ ትሪ ቤከን እያበሰሉ አንድ ቀን እንግዳ ጥሬ ነው ወይ አረረ ብሎ መልሶ አያውቅም። መጀመሪያ ቀን ኦቨኑ አጠገብ አቆሙኝና ስሚ አሉኝ። ውስጡ ይጮሃል፤ እንደ ዝናብ ይንጣጣል። "የሚጮኸው ውሃው ነው" አሉኝ። "ጩኸቱ ሲቀጥን ውሃው አልቋል፣ የቀረው ስቡ ነው። ያኔ አውጪው። ዝም እስኪል ከጠበቅሽ ግን አረረብሽ።" ካወጡት በኋላ ከትሪው ዳር አንድ፣ ከመሃሉ አንድ ይመርጡና ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠግተው ይሰብሩታል። ደስ ካላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ስባሪውን ይጥሉና እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ፎጣቸውን አራት ቦታ አጥፈው ግራ ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይወርድም። ሥራ ሲጨርሱ ኦቨኑን ጠርገው መታ መታ ያደርጉታል፤ የደከመ በቅሎ የሚያመሰግኑ ይመስሉ ነበር።

እኔን ያስቸገረኝ መጠበቁ ነው። በየደቂቃው ኦቨን ከፍቼ አያለሁ። በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጩኸቱም ይዛባባቸዋል። ሁለት ሦስቴ ተናግረውኝ አልሰማ ስል አንድ ቀን ያቺን ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው የኦቨኑን እጀታ አሰሩት። "እስክፈታው ድረስ ድንች ላጪ" አሉኝ። ያን ቀን የላጥኩት ድንች ለሁለት ቀን በቃ።

እንዲህ እያለን አዲስ ዋና ሼፍ መጣ፤ ዋልተር የሚሉት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይሄን መካድ አልችልም። ግን አንድ ሕግ ነበረው፦ በእሱ ኪችን ምድጃ የያዘ ሰው ያበሰለውን ይቀምሳል። ጋሼ ንጋቱ ቤከኑን እንደማይቀምሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰበት። ሃይማኖታቸው እንደማይፈቅድ ሲነግሩት አከብራለሁ አለ፤ ነገር ግን የማይቀምስ ሰው ምድጃ አይዝም፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይዛወራል አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተመለሰውን ሰሃን ማንም አላስታወሰለትም። እኔማ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው ኖሮ በነጋታው ሄደው አነጋገሩት።

በዚያ ሰሞን የተርኪ ቤከን የሚጠይቅ እንግዳ በዝቶ ነበር። ሐኪም የከለከለው አለ፣ እስላም አለ፣ አይሁድ አለ። ሆቴሉም ሊያስገባው አስቦ ማን ይሥራው እያለ ነበር። ተርኪ ያ ትልቁ ዶሮ ስለሆነ ለእኛ ችግር የለውም። ጋሼ ንጋቱ እሱን ለእኔ ስጠኝ፣ እሱን እቀምሳለሁ አሉት። ሼፉም እንደ አሳማው ቀጭ ብሎ የሚሰበር ካደረጉት ምድጃው የእርስዎ ነው፣ ካልሆነ ዕቃ ማጠቢያው ይጠብቅዎታል አለ። ሁለት ሳምንት ሰጣቸው፤ ቅምሻው ዓርብ ይሁን አለ። እሳቸው ሐሙስ ይሁን አሉ። ጾም ነው አላሉትም። ለእሱ ሐሙስም ዓርብም አንድ ነውና እሺ አለ።

ያን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አጣሁ። የተርኪ ቤከን በየትኛውም በኩል የአሳማውን አይመስልም። ተፈጭቶ፣ ተጠፍጥፎ፣ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ውሃው ግን ብዙ ነው። ትሪ ላይ እንዳለ ኦቨን ስንከተው በራሱ ውሃ ተቀቀለ። በመጥበሻ ስንሞክረው ዳሩ አረረ፣ መሃሉ ጫማ ሶል ሆነ። እኔ ዘይት ውስጥ እንዝፈቀው ብዬ ዘፈቅነው፤ ጠቁሮ ወጣ፣ መራራ። ጋሼ ንጋቱ አንድም ቀን አልተናደዱም። እያንዳንዱን ስባሪ ጆሯቸው ጋ አድርገው ያጥፉታል፣ ይቀምሱታል፣ ያስባሉ። እኔ ግን እግሬ መሬት አይረግጥም ነበር፤ እሳቸው ያን ምድጃ ካጡ እኔ በማን ጆሮ ልሠራ ነው?

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ መጣላቸው። መጀመሪያ እያንዳንዷን ቁራጭ በወረቀት ጨምቀን ሁለት ፊቷን አደረቅን። ቀጥሎ በብሩሽ ዘይት እንዲያው ለስሙ ቀባናት። ከዚያ ትሪው ላይ ሳይሆን ትሪው ላይ በተቀመጠ ሽቦ ላይ ደረደርን፤ ሙቀቱ ከታችም እንዲያገኛት። መካከለኛ እሳት። አንዴ መገልበጥ። ዳሯ ጠቆር ማለት ስትጀምር፣ መሃሏ ገና ለስለስ እንዳለ ማውጣትና ከሽቦው ሳያነሱ መተው። የሚደርቀው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው፤ ይሄን ማንም አያምንም፣ እኔም አላመንኩም ነበር። ጋሼ ንጋቱ አንዷን አንስተው ሰበሩ። ቀጭ አለ። ሌላ ሰበሩ፣ ቀጭ። ሰጡኝ፣ በላሁ። እሳቸውም በሉ። በዚያ ኪችን በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያበሰሉትን ቤከን አጣጥመው ሲበሉ አየሁ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር እሱ ነው አሉ።

ሐሙስ ደረሰ። ሁለት ትሪ ሠራን። ልክ ማክሰኞ እንደወጣው ሆኖ ወጣ፤ አንድ ሰብረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሼፉ፣ የሆቴሉ ማናጀርና ሌሎች ሁለት ሰዎች አሁን ይመጣሉ ተባለ። አልመጡም፤ ማናጀሩ ስልክ ላይ ነው ተባለ። በዚህ መሃል የእንቁላሉ ልጅ እጁን አቃጠለና ጋሼ ንጋቱን ለእርዳታ ጠሯቸው። ሲሄዱ "እንዳትነኪው" አሉኝ። አልነካሁትም። አጠገቡ ቆሜ ግን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እላለሁ። አስተናጋጁ ያልፋል፣ ያያል። ዕቃ አጣቢው ያልፋል፣ ያያል። በመጨረሻ አንድ የአገሬ ልጅ፣ ሻንጣ ተሸካሚ፣ አንገቱን በበሩ አስግጎ "ኧረ ምን ያምራል፣ በእናትሽ!" ብሎ ዓይኑን ተክሎ ቀረ።

ምግብ ተገልጦ አይተውም። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም፤ አብሮን ያደገ ነው። ዓይን ያርፍበታል። በዚያ ላይ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ምግብ ክፍት ሆኖ መጠበቁ ራሱ ንቀት ነው። ሁለት ንጹሕ ነጭ ፎጣ አመጣሁና ሁለቱን ትሪ ግጥም አድርጌ ሸፈንኩ፤ ጫፍ ጫፉንም ከሥር ወሸቅሁት። ልቤ ትንሽ ዕረፍት አገኘ። እንዲያ ሆነው ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ።

በሌላው ቀን ቤከን ከኦቨን ወጥቶ በቀጥታ ወደ እንግዳ ነው የሚሄደው፤ ቆሞ ጠብቆ አያውቅም። ስለዚህ ሸፍኜው አላውቅም፣ እሳቸውም አትሸፍኚ ብለውኝ አያውቁም።

ጋሼ ንጋቱ ሲመለሱ ሼፉም ከነሰዎቹ ገባ። እሳቸው ቀድመው ፎጣዎቹን አነሱ። እጃቸው ፎጣው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አራት አራት ቦታ አጠፏቸውና ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው። ፎጣ ኪስ ሲከቱ አይቻቸው ስለማላውቅ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ዓይኔ ሼፉ ላይ ነበር። ሼፉ አንዷን በጫፏ ይዞ አነሳት። ወደ ታች ታጠፈች። ሌላ አነሳ፣ ታጠፈች። አፉ ከቶ አኘከ፣ አኘከ፣ አኘከ። ማናጀሩ ሰዓቱን አየ። ሼፉ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቃቸው፤ የምር ነበር የጠየቀው፣ ማክሰኞ ዕለት በአጠገባችን ሲያልፍ ሲሰበር ሰምቶ ነበርና።

ጋሼ ንጋቱ ቀና ብለው አዩት። "ማይ ሚስቴክ፣ ሼፍ" አሉ።

ሰኞ ዕቃ ማጠቢያው ገቡ። ከግድግዳው ጀርባ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ናት፤ ማሽኑ ከማለዳ እስከ ቀትር ይጮሃል። የአሳማው ምድጃ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ የተርኪው ነገር ለጊዜው ይቆይ ተባለ፣ እኔ እንቁላል ላይ ተመደብኩ። የቆሸሸ ሰሃን በትንሽ መቀበያ በኩል ሳቀብላቸው "እንደምን አደርሽ ስንዱ" ይሉኛል። ድምፃቸው በየወሩ ከፍ እያለ መጣ። ማሽኑን ለማሸነፍ መስሎኝ ነበር። ያን ሰላምታ በየቀኑ መስማት አንገበገበኝ። ኦቨኑ ነው ያበላሸው፣ ዘይቱ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰባት ወር ቆየሁና አንድ ቀን ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። ደህና ይሁኑ እንኳ በቅጡ አላልኳቸውም። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም፤ የአውሮፕላን ምግብ ማሸግ፣ ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ ዕቃ መለየት። ሁለቱም ጋ ዓመት አልሞላሁም። በመጨረሻ ፌርፋክስ ላይ እትዬ የሺ ቤት ገባሁ። ያኔ ሠፈሩ በእኛ ስም አይጠራም፤ ምግብ ቤቶቻችን በጣት የሚቆጠሩ፣ ጎረቤቶቻችን አይሁድ ሽማግሌዎች ነበሩ። እትዬ የሺ ለታክሲ ነጂዎቹ በማለዳ ትከፍታለች። ፉሉም እንቁላሉም ነበረ፤ አንድ ቀን ግን ከእንቁላሉ ጎን የሚሆን የተርኪ ቤከን ሥሪልኝ፣ ጎረቤቶቹም ይወዱታል አለችኝ። አልችልም አልኳት። ሆቴል ሠርተሽ የለም እንዴ ብላ ሙጭጭ አለች።

ጋሼ ንጋቱ እንዳሳዩኝ አድርጌ ሠራሁት። ከኦቨን ሲወጣ ይሰበራል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይታጠፋል። ነጂዎቹ ቀበቶ ጠበስሽልን እንዴ እያሉ ቀለዱብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘይት ቀየርኩ፣ እሳት ቀየርኩ፣ ራሴን ረገምኩ። ፎጣ ግን አልቀየርኩም፤ በየማለዳው ደህና አድርጌ እሸፍናለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የፎጣ አጣቢው መኪና ዘገየ። የነበረችኝ አንድ ትንሽ ፎጣ ስለሆነች የትሪውን እኩሌታ ብቻ ሸፈነች። ተካ የሚባል ታክሲ ነጂ እጁን ሊታጠብ ኪችን ገባና አላስችለው ብሎ ካልተሸፈነው በኩል አንዷን አንስቶ በላ። ቀጭ ሲል እኔ ካለሁበት ሰማሁት። ለሌላ ፎጣውን ገልጦ ከዚያኛው በኩል አንዷን አነሳ።

"ሶ ይሄኛው ምንድነው?" አለኝ እያኘከ።

"ያው ነው። አንድ ትሪ ነው።"

"ኖ፣ ስንዱ። ያኛው ቤከን ነው፣ ይሄኛው እርጥብ ወረቀት ነው።"

ካልተሸፈነው በኩል አንዷን አንስቼ ሰበርኩ። ከተሸፈነው በኩል አንዷን አነሳሁ፣ ታጠፈች። ፎጣዋን ዳሰስኳት፤ ሞቃለች፣ የቤከኑ እንፋሎት መውጫ አጥቶ ረጥባለች። ያ እጅ ትዝ አለኝ። ፎጣው ላይ ትንሽ የቆየው የጋሼ ንጋቱ እጅ። አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው የከተቱት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሼፉ እንዳያያቸው ነው። የማን ሥራ እንደሆነ እንዳይጠይቅ ነው። እዚያው የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ተካ ኦኬ ነሽ ወይ እያለ ውሃ አቀበለኝ።

ሥራ እንደጨረስኩ አንድ ፓኬት ጥሬ ቤከን በከረጢት ይዤ ድራይቭ አድርጌ ኢንግልዉድ ጋሼ ንጋቱ ቤት ሄድኩ። ሥራ ካቆሙ ዓመት ሊሞላቸው ነው ይባል ነበር። በሩን አንኳኳሁ፣ አልተከፈተም። ቴሌቪዥኑ እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማል። በቡጢ ደበደብኩት። ሲከፍቱ ፊታቸው በራ፤ ያኮረፈም የተቀየመም ፊት አልነበረም። እሱ ይባስ አንጀቴን በላኝ። ልቤ አላስቀምጥ ስላለኝ ቆሜ ነው የጀመርኩት።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ቤከኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"እ?" አሉኝ፣ ቀኝ ጆሯቸውን እያስጠጉ።

ደገምኩት። አሁንም አልሰሙም። ያ የቤከን ስብራት ከጩኸት መሃል ለይቶ የሚሰማ ጆሮ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያለሁትን እኔን አልሰማኝም። ከእርጅናው ይሁን ከዚያ ማሽን፣ ሐኪም አልጠየቅሁም፤ እኔ ግን የማምነውን አምኛለሁ። ስለዚህ ጥፋቴን መጮህ ነበረብኝ። ጎረቤት እስኪሰማ "ሸፍኜው ነው! እኔ ነኝ የሸፈንኩት!" አልኩ።

ጋሼ ንጋቱ ቴሌቪዥኑን አጠፉ። "አውቃለሁ" አሉ። "ፎጣው እርጥብ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበለው? ልጅቷ ከሰው ዓይን ልትጠብቅልኝ ሸፈነችው ልበለው? ያባርርሽ ነበር። ወረቀትሽም ያኔ ገና አላለቀም ነበር።"

"ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ በማግስቱ ጥለሽ ትሄጃለሽ። አውቅሻለሁ፣ አትቀመጪም።"

"ሳይነግሩኝም ሄድኩ" አልኳቸው።

ይሄኛውን በደንብ ሰሙት። ብዙ ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ከረጢቴን አዩና ምንድነው አሉኝ። ተነሥተው ኪችናቸውን አሳዩኝ። ትንሽ ኦቨን፣ አንድ ሽቦ። ቁራጮቹን በወረቀት አደረቅሁ፣ ዘይት ለስሙ ቀባሁ፣ ደረደርኩ። ኦቨኑን አንዴም ሳልከፍት ጠበቅሁ፤ ጩኸቱ ሲቀጥን ገለበጥኩ፣ ዳሩ ሲጠቁር አወጣሁ። ሽቦው ላይ እንዳለ ተውኩት። አልሸፈንኩትም። እሳቸው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ያዩኛል።

ሲቀዘቅዝ ሰሃን ላይ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አንዷን አንስተው እንደ ድሮው ቀኝ ጆሯቸው ጋ አስጠጉና ሰበሯት። ፊታቸው አልተለወጠም። ሌላ አንስተው ሰበሩ። ሁለቱን ስባሪ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

"ድምፅ አለው?" አሉኝ።

"አለው፣ ጋሼ።"

"እንዴት ያለ?"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዷን አንስቼ በራሴ ጆሮ ሰበርኩ፤ አልቸኮልኩም። ከዚያ አፌን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ነገርኳቸው። "ደረቅ ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ቀጭ፣ ከኋላው ሁለት ትንንሽ።"

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። "ልክ ነው፤ በቃ እሱ ነው" አሉና ስባሪዋን በሉ። እኔም በላሁ። ሰሃኑ ክፍት እንደሆነ መሃላችን ነበር፤ ሌላ አምጪ፣ ሌላ ስበሪ እያሉኝ እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳሁም።